ከትንሹ ቴአትር እስከ ትልቁ ቴአትር
«ዬቭጌኒ ኦኔጊን» በኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች አንደበት

በሩሲያ ቋንቋ «ማሊ» ማለት ትንሽ፣ «ቦልሾይ» ማለት ደግሞ ትልቅ ማለት ነው። በሞስኮ ከተማ ጎረቤት ሆነው የቆሙት ሁለቱ ስመ ጥር ቴአትር ቤቶች በእነዚህ ስሞች ይጠራሉ። ትንሹ የድራማ፣ ትልቁ የኦፔራና የባሌት ቤት ነው። የፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ ኦፔራ «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው ግን በትልቁ ሳይሆን በትንሹ ቴአትር ነው። ያቀረቡትም በጊዜው ስማቸው የገነነ ድምፃውያን ሳይሆኑ የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች ነበሩ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1879 ነው።

ይህ የሆነው ሌላ በር ሁሉ ስለተዘጋበት አልነበረም፤ ምርጫው የደራሲው የራሱ ነበር። በ1877 መጨረሻና በ1878 መጀመሪያ ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ቻይኮቭስኪ ሥጋቱን በግልጽ አስፍሯል። በንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር ቤቶች ዕድሜያቸው የገፋ ድምፃውያን የልጃገረድና የጎረምሳ ገጸ ባሕርይ ወስደው ይጫወታሉ፤ መድረኩ ከልማድ አይወጣም፤ የኅብር መዘምራኑም እንደ በግ መንጋ ተሰብስበው ይቆማሉ። እርሱ የፈለገው ሌላ ነበር፤ ድምፃቸው መካከለኛ ቢሆንም በሚገባ የተለማመዱና ያለ ማስመሰል የሚጫወቱ ልጆች፣ ውድ ባይሆንም ለዘመኑ ታማኝ የሆነ የመድረክ ዝግጅት፣ በድርጊቱ ውስጥ እንደ ሰው የሚሳተፉ የኅብር መዘምራን። ድርሰቱንም ኦፔራ ብሎ ከመጥራት ይልቅ «ሊሪካዊ ትዕይንቶች» የሚል ስያሜ ሰጠው።

የተማሪዎች ትርኢት በየትም አገር ቢሆን የሚታየው በርኅራኄ ዓይን ነው። ወላጅ ያጨበጭባል፤ መምህር ይኮራል፤ ሐያሲም «ገና ልጆች ናቸው» ብሎ ብዕሩን ያለዝባል። የ1879ኙ ምሽት ግን ከርኅራኄ የላቀ ጥያቄ ያስነሣል። ትልቁ መድረክ ሊሰጠው የማይችለውን ተማሪ ሊሰጥ የሚችልበት የጥበብ ሥራ አለን? ካለስ ተማሪው ከቶ ሊሰጠው የማይችለው ምንድን ነው?

መልሱን ከድርሰቱ መፈለግ ይገባል። የታሪኩ ምንጭ አሌክሳንድር ፑሽኪን በግጥም የጻፈውና በ1833 በአንድ ጥራዝ የታተመው ልብ ወለድ ነው። ፑሽኪን በእናቱ ወገን ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የመጣው አብራም ጋኒባል በመሆኑ በኢትዮጵያ አንባቢዎች ዘንድ እንደ ዘመድ ሲታይ የኖረ ባለቅኔ ነው፤ የጋኒባል የትውልድ ስፍራ ዛሬም ሊቃውንትን ማከራከሩ ይህን ፍቅር አልቀነሰውም። ታሪኩ ቀላል ነው። ታቲያና የተባለች የገጠር ባላባት ልጅ ከከተማ ለመጣው ለኦኔጊን የፍቅር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እርሱም በትሕትና በተሸፈነ ምክር ይመልሳታል። በግብዣ ላይ በተነሣ ከንቱ ቅናት ምክንያት ኦኔጊን ወዳጁን ሌንስኪን በሽጉጥ ፍልሚያ ይገድላል። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ታቲያና የመስፍን ግሬሚን ሚስት ሆና ያገኛታል፤ አሁን ለማኙ እርሱ ነው፤ እርሷም እንደምትወደው ሳትደብቅ ታሰናብተዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የነገሥታት ጦርነትም ሆነ የድል ሰልፍ የለም። የሚሆነው ነገር አብዛኛው በጓሮ፣ በመኝታ ክፍልና በእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ይሆናል። ፑሽኪን እንደሚለው ሌንስኪ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ ነው፤ ታቲያናም ብትሆን ዕድሜዋ ከዚያ አይርቅም። ስለዚህ የአፍላ ዕድሜ ስሕተት የዚህ ድርሰት መሠረት ነው። ስሕተቱን የሚፈጽመው ሰው ያረጀ መስሎ ከታየ የሚያሳዝን መሆኑ ቀርቶ የሚያሳፍር ይሆናል።

ሙዚቃውም ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ የሚታዩት እናትና ሞግዚት ናቸው፤ ታቲያናና እኅቷ ኦልጋ ግን ከቤት ውስጥ፣ ሳይታዩ ይዘምራሉ። ቀስ በቀስም የልጆቹ መዝሙርና የአሮጊቶቹ ትዝታ ተጋጥሞ የአራት ድምፅ ቅንብር ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትልቅ ድምፅ ሳይሆን ጆሮ ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሥርዓት ሲለማመዱ የከረሙ ተማሪዎች፣ በየአቅጣጫው ከሚኖሩበት ለአንድ ምሽት ተጠርተው ከሚገናኙ ታላላቅ ድምፃውያን የሚበልጡት በዚህ ዓይነት ስፍራ ነው። ከፍልሚያው በፊት ሌንስኪና ኦኔጊን የሚዘምሩትም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወዳጆች አንዱን ቃል አንዱ ሲጀምረው ሌላው ከኋላ እየተከተለ ይዘምሩታል፤ ሐሳባቸው አንድ ሆኖ ሳለ ድምፃቸው ሳይገናኝ ይቆይና በመጨረሻ የሚገናኘው «አይሆንም» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው። ይህን ለጭብጨባ የሚሽቀዳደሙ ሁለት ዘፋኞች ሊያበላሹት፣ እርስ በርስ የሚደማመጡ ሁለት ተማሪዎች ሊያድኑት ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ለወጣትነት ይህን ያህል ከተመሰከረለት ጉድለቱም በዚያው ልክ ሊነገር ይገባል። የደብዳቤው ትዕይንት ሶፕራኖዋን ከዐሥር ደቂቃ በላይ ብቻዋን መድረክ ላይ ያቆማታል። በለሆሳስ ትጀምራለች፤ ትጠራጠራለች፤ ጽፋ ትሰርዛለች፤ በመጨረሻም ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ ልትሰማ ይገባታል። የድርሰቱ ከባድ ተቃርኖ እዚህ ላይ ነው። ዕድሜዋ ለታቲያና የሚስማማ ልጅ የድምፅ ጽናቱ ገና የላትም፤ ጽናቱን ያገኘችዋ ደግሞ ዕድሜው አልፏታል። የመስፍን ግሬሚን ዜማም ሌላ ፈተና ነው። ዘግይቶ ስላገኘው ፍቅር የሚናገረውን ሰው በጥልቅ ባስ ድምፅ የሚጫወተው ጢም የተለጠፈለት የሃያ ዓመት ልጅ ሲሆን ኖታው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የኖረው ዕድሜ አይሰማም። ትምህርት ቤት ድምፅን ያሠለጥናል እንጂ ዕድሜ አያበድርም።

ቻይኮቭስኪ ራሱ ከትርኢቱ በኋላ የሰጠው ፍርድ ለሐያስያን አብነት የሚሆን ነው። ኦርኬስትራውን የመራው የኮንሰርቫቶሪው መሥራች ኒኮላይ ሩቢንሽታይን፣ መድረኩን ያዘጋጀው ዕውቁ የማሊ ቴአትር ተዋናይ ኢቫን ሳማሪን ነበሩ። ደራሲው ለደጋፊው ለናዴዥዳ ፎን ሜክ በጻፈው ደብዳቤ የኅብር መዘምራኑንና ኦርኬስትራውን አመስግኗል፤ ዋና ዋናዎቹ ድምፃውያን ግን ብዙ እንደሚጎድላቸው አልሸሸገም። ኦኔጊን ሆኖ የዘመረውን የሰርጌይ ጊሌቭን ትጋት ተቀብሎ ድምፁን ደረቅ ብሎታል። ሌንስኪ የሆነውን ሚኻይል ሜድቬዴቭን ድምፀ መልካም ግን ጀማሪ ሲል ገልጾታል። ማሪያ ክሊሜንቶቫ ግን አተዋወኗ ያልበሰለ ቢሆንም ከልብ በሚፈልቀው ሙቀቷ በሐሳቡ ወደሣላት ታቲያና ቀርባለች። ምሽቱን የመረጠው፣ የወደደውና የጠበቀው ሰው «ልጆች ናቸው» ብሎ አላለፈም። እንደ ከያኒ ቆጥሯቸዋልና እንደ ከያኒ መዘናቸው።

ምዘናውም አልሰበራቸውም። ክሊሜንቶቫ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ ወደ ቦልሾይ ገባች፤ በ1887 ቻይኮቭስኪ «ቼሬቪችኪ» የተባለውን ኦፔራውን ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቀርብ የኦክሳናን ቦታ ይዛ የዘመረችው እርሷ ናት። ጀማሪ የተባለው ሜድቬዴቭም በ1890 መጨረሻ «የስፔድ ንግሥት» በኪየቭ ሲታይ ዋናውን ሰው ሄርማንን ተጫውቷል። የተማሪዎች ምሽት ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው እንዲህ ከዓመታት በኋላ ነው።

ድርሰቱም እንደ ተማሪዎቹ አደገ። በመጀመሪያው መልኩ ታቲያና በመጨረሻ በኦኔጊን እቅፍ ላይ ትወድቅና ባሏ ይደርስ ነበር፤ በኋላ ግን ደራሲው ይህን አርሞ ወደ ፑሽኪን ጭምት ፍጻሜ መለሰው። በ1881 ቦልሾይ ተቀበለው። በ1884 በፒተርስቡርግ በንጉሠ ነገሥቱ መድረክ ከታየ ወዲህም ዝናው እየሰፋ ሄደ። ይህን አይቶ «ሥራውን ያነገሠው ትልቁ ቴአትር ነው» የሚል ቢኖር ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሌላውን ግማሽ የተናገረው ስታኒስላቭስኪ ነው። በ1922 የኦፔራ ስቱዲዮውን ወጣቶች ይዞ ይህንኑ ሥራ በሞስኮ በመኖሪያ ቤቱ፣ ዓምዶች በቆሙበት አዳራሽ አዘጋጀው። ከዝናው ሁሉ በኋላ ኦኔጊን እንደገና ወደ ጠባብ ክፍልና ወደ ወጣት ድምፅ ተመለሰ።

ስለዚህ ኮንሰርቫቶሪ ይህን ወይም ይህን የመሰለ ኦፔራ ለማቅረብ ሲነሣ፣ ከተማሪዎቹም ጋር ቀድሞ የተመረቀችና በሙያዋ የተመሰገነች ድምፃዊት ጋብዞ ሲያሰልፍ፣ የምሽቱ ሚዛን ከጅምሩ ሊታሰብ ይገባል። የበሰለው ድምፅ ተማሪዎቹን አጃቢ ካደረጋቸው ትርኢቱ የአንድ ሰው ኮንሰርት ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም ያስተማረው ነገር አይታይም። ቻይኮቭስኪ ለዚህ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አኑሮታል። ታቲያና የምትሆነው ድምፃዊት የቱንም ያህል ብትደነቅ በመጀመሪያ ከግድግዳ ጀርባ ቆማ፣ ሳትታይ፣ ከእኅቷ ድምፅ ጋር ድምፅዋን አስተካክላ መዘመር አለባት። ያን የቻለች ምሩቅ የደብዳቤውን ትዕይንት ብቻዋን መቆም ይገባታል። ያን የሰሙ ተማሪዎችም ከአንድ ሌሊት ልምምድ የበለጠ ይማራሉ፤ ትልቁ ቴአትር የሚጀምረው ከትንሹ ነውና።