ዘግይቶ የደረሰ አንባቢ በሆግዋርትስ ማድ ቤት

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በሰባት ቅጾች ያሳተመችው የሃሪ ፖተር ተከታታይ ልቦለድ በዓለም ዙሪያ የሕፃናትን ልብ የማረከ ድርሰት መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ሂስ የሚያቀርበው ጸሐፊ ግን ሰባቱንም ያነበበው የመጨረሻው ቅጽ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም ከልጁ መደርደሪያ እየተዋሰ፣ በአንድ ክረምት ነው። በቤቱም ተስቆበታል። ዳሩ ግን ዘግይቶ መድረስ የራሱ ጥቅም አለው፤ የሕፃን አንባቢ ዓይን በግብሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር፣ ጎልማሳው ምግቡን ማን ሠራው ብሎ ይጠይቃልና።

መልሱ በአራተኛው ቅጽ (2000) ይገኛል። ከአስማት ትምህርት ቤቱ ታላቅ አዳራሽ ሥር ኤልፍ የተባሉ ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ፍጡራን ያለ ደመወዝ ያበስላሉ። ኤልፍ ከነዘሩ ለጌታው ቤት የተገዛ ሲሆን፣ ነጻ የሚወጣው ጌታው ልብስ ሲሰጠው ነው። እዚህ ላይ የደራሲዋ ብዕር በእርግጥ ስል ነው። ነጻ የወጣው ዶቢ ሥራ ሲቀጠር ርእሰ መምህሩ በሳምንት 10 የወርቅ ጋሊዮን ሊከፍለው ቢፈቅድ፣ ዶቢ ራሱ ተከራክሮ ወደ 1 ያወርደዋል። ከጌታዋ ቤት የተባረረችው ዊንኪ ደግሞ ነጻነቷን እንደ ውርደት ቆጥራ በመጠጥ ትጠፋለች። ባርነት በተገዢው ኅሊና ውስጥ እንዴት ሥር እንደሚሰድ ለሕፃን ከዚህ በተሻለ ማስረዳት ያዳግታል።

ጉድለቱ የሚታየው ሄርማዮኒ ለኤልፎቹ መብት የሚታገል ማኅበር ስታቋቁም ነው። ጓደኞቿ ይስቁባታል፤ ደራሲዋም አብራ የምትስቅ ትመስላለች። በአምስተኛው ቅጽ (2003) ልጅቷ የሹራብ ኮፍያ እየሠራች በየቆሻሻው ሥር ትደብቃለች፤ ኤልፎቹ ግን ድርጊቱን እንደ ስድብ ቆጥረው ከዶቢ በቀር ክፍሉን የሚያጸዳ ይጠፋል። ተበዳዩን ሳያማክሩ ነጻ ላውጣህ የማለት ስሕተት ታላቅ ጭብጥ ሊሆን ይችል ነበር። ቀልድ ሆኖ ቀረ።

እርግጥ ነው፣ በሰባተኛው ቅጽ ሃሪ የዶቢን መቃብር አስማት ሳይጠቀም በገዛ እጁ ይቆፍራል። ይህ ጸሐፊ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፎ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጧል። መጽሐፉን ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡ መምህራን ግን ከዚያ ገጽ አልፈው የጦርነቱን ፍጻሜ አብረው ቢያነቡ መልካም ነው። ሃሪ በውርስ ያገኘው ኤልፍ ክሪቸር የማድ ቤት ቢላዋ የያዙ ወገኖቹን መርቶ ተዋግቷል። ነጻ ያወጣው ግን የለም። ድል በተገኘበት ዕለት ጀግናው የሚያስበው አልጋውንና፣ ክሪቸር ሳንድዊች ያመጣለት እንደሆነ ነው።