«ማስተካከል» ወይስ ማንጣት?

የታናሽ እኅቴ የሠርግ አልበም የመጣ ዕለት እናቴ መነጽሯን አድርጋ ገጾቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየች። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷን በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ አሳርፋ «ይቺ ደግሞ የማን ወገን ናት?» ስትል ጠየቀችን። የጠየቀችው ስለ ራሷ ነበር። እናቴ ጠይም ናት፤ ያውም ጥርት ያለች ጠይም። በአልበሙ ውስጥ ግን ፊቷ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቷል፤ የግንባሯ ሽብሽብ ጠፍቷል፤ ከነጠላዋ ሥር የወጡት እጆቿ ብቻ የእርሷ ሆነው ቀርተዋል። ፎቶ ቤቱን ብንጠይቅ ያገኘነው መልስ አጭር ነው፤ «ቀለሙን አስተካክለነው ነው!»

ክርክሬ ከዚህች «ማስተካከል» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ሁለት የማይገናኙ ሥራዎችን በአንድ ስም ትጠራለችና።

አንደኛው ሥራ ተገቢ፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። የድሮው አምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ፣ የጥላ ሥር ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ ፍሎረሰንት ወደ አረንጓዴ ያደላል። በሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሠርገኛ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ዐይናችን ይህን ሳናውቀው ያቻችለዋል፤ ካሜራ ግን ይገምታል፣ ግምቱም ይስታል። ያን ጊዜ በፎቶው ላይ ያረፈውን ባዕድ ቀለም በኮምፒውተር ማንሣት ያስፈልጋል። ለዚህም ቀለም እንደሌለው የምናውቀው አንድ ነገር እንደ መለኪያ ይያዛል። ባለሙያዎች ግራጫ ካርድ ይጠቀማሉ፤ በእኛ ሠርግ ነጠላም ይረዳል። (በፋብሪካ የተሠራና በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ በፀሐይ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ጥንቃቄ ይሻል።) ዋናው ነገር፣ እውነተኛ እርማት ለሁሉም እኩል መድረሱ ነው። ነጠላውም፣ እንጀራውም፣ ግድግዳውም፣ ፊቱም አብረው ይለወጣሉ፤ ጥፋቱ የብርሃኑ ነበርና።

ለፎቶ ቤቶች አንድ ነገር ላምንላቸው ይገባል። በራሱ ግምት የሚሠራ ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሥዕሉን ያጨልማል። ቬሎ የለበሰች ጠይም ሙሽራ ፊቷ ጠቁሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የጨለመውን ፊት መልሶ ማብራት ታዲያ ማንጣት አይደለም፤ የጠፋውን መመለስ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሌላ ነው። ፊትን ብቻ መርጦ፣ አንገትንና እጅን ረስቶ፣ ነጭ ያደርጋል። ማረጋገጥ የሚሻ አንባቢ አልበሙን ከፍቶ እጆችን ይመልከት። ይህን ቀለም ማረም ብሎ የሚጠራ ሰው ስለ ቀለም አያውቅም። የፊልምና የቪዲዮ ቀለም አራሚዎች ቬክተርስኮፕ በሚሉት መሣሪያ የሰው ቆዳ፣ የጥቁሩም የነጩም፣ በአንድ መስመር አካባቢ ነው የሚያርፈው። በየትም አገር ቆዳን ቀለም የሚሰጡት በዋናነት ሜላኒንና ደም ናቸውና። ልዩነቱ ይበልጡን የፈካና የጠቆረ መሆን ነው፤ ይህም ባዕድ ቀለም ስላልሆነ የሚነሣ ነገር የለውም።

በሽታው በእኛ አልተጀመረም። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው መለኪያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበረበት፤ በኩባንያው ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የእርሷ ፊት ካማረ ሥራው ተሳካ፤ የጥቁሩን ፊት የሚጠይቅ አልነበረም። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደጻፉት፣ ፊልሙ ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን የገፋፉት ቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በማስታወቂያ አላምር ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። የጥቁር ሰው ፊት ያለፈለት በቸኮላት አማላጅነት ነው ማለት ነው! የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው የታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል እንዲያነሣ ብሎ ያዘጋጀውን ካሜራ በፒክስል 6 ስልኩ አቀረበ። እንግዲህ መሣሪያው ጠይሙን ጠይም አድርጎ ማሳየት በቻለበት ዘመን፣ የሸርሊን ካርድ አንሥተን በገዛ እናቶቻችን ፊት ላይ የምንለጥፈው እኛው ሆነናል። ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እያለ የሚለይ ቋንቋ አለን፤ አልበማችን ግን አንድ ቀለም ብቻ ያውቃል።

«ደንበኛው ይወደዋል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። እኅቴ ራሷ የነጣችበትን ፎቶ አስፍታ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ፊቱ የራሷ ነው፣ መብቷ ነው። እናቴን ግን የጠየቃት የለም።

ያልተነካካውን ፋይል ብንጠይቅ፣ አልበሙን ካስረከቡ በኋላ እንደሚያጠፉት ነገሩን። የዚያን ቀን እናቴ ራሷን ሆና የታየችበት አንድ ፎቶግራፍ በአጎቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ተገኘ፤ ትንሽ ብዥ ያለ፣ በአምፖል ብርሃን ቢጫ የመታው ነው። ቢጫውን አንሥቼለታለሁ። ሌላ አልነካሁም።