ፊደላችን የማያሳየው «ዋይ»

የኦድሪ ሎርድን ስም በአማርኛ ስንጽፍ የሚጠፋ ነገር አለ። ገና ልጅ ሳለች ከስሟ መጨረሻ «ዋይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ቆርጣ ጣለቻት፤ ከመስመር በታች የሚንጠለጠለውን ጭራዋን አልወደደችውም። በእኛ ፊደል ግን ኖረችም አልኖረችም ያው «ኦድሪ» ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዛሚ» ንዑስ ርዕሱ «የስሜ አዲስ አጻጻፍ» የሆነው በከንቱ አይደለም። ጥያቄው፦ እኔን የሚጽፈኝ ማነው?

ሎርድ በ1934 ሃርለም ውስጥ ከካሪቢያን ስደተኞች ተወለደች። ጥቁር፣ ሴት፣ ሌዝቢያን። ሦስቱን እንደ ሦስት በደል ደምሮ ማንበብ ይቀላል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፦ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲፈተሽ ያልፋል፣ ሲገጣጠም ይፈርሳል።

የ1950ዎቹን ግሪንዊች ቪሌጅ እዩት። የሌዝቢያኖች መጠጥ ቤት በር ላይ ዘበኛው ዕድሜዋን ተጠራጥሮ መታወቂያ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ አብረዋት ካሉት ነጭ ሴቶች ብትበልጥም። ነጯ ፍቅረኛዋ ሙሪየል ደግሞ ሌዝቢያን እስከሆኑ ድረስ ሁሉም እኩል የተገፉ ይመስላታል። በዚያ በር ላይ ሴትነቷም ፍቅሯም ችግር አልነበሩም፤ ጥቁርነቷ ግን ከሁለቱ ጋር አብሮ ገባ። ይህን ነገር ለሙሪየል እንኳ ማስረዳት ከባድ ነው።

እናቷ ቤት ደግሞ ሌላ ዝምታ አለ። መንገድ ላይ ነጮች ልጅቷ ላይ ሲተፉ እናት ትጠርግላትና «ነፋስ ላይ የሚተፉ ባለጌዎች» ብላ ታልፋለች። ዘረኝነት ስም አይወጣለትም። የሚገርመው፣ «ዛሚ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚችው እናት ደሴት ከካሪያኩ ነው፤ አብረው የሚሠሩ፣ የሚዋደዱና የሚፋቀሩ ሴቶች ስም ነው። ዝም ካለችው እናት አገር ስም መውሰድ፣ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው።

ድካሙ መጨረሻው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የፋብሪካ ሥራው፣ የገንዘብ እጥረቱ፣ የፍቅረኛ ሕመሙ ሳይቀር ተጽፏል። አፍሬኬቴ የምትባለው ጥቁር ሴት ስትመጣ ግን ከሰውነት ወደ ተረት ትወጣለች። ሎርድ ራሷ መጽሐፉን «ባዮሚቶግራፊ» ብላዋለች፤ የሕይወት ታሪክና ተረት አንድ ላይ። ይሁን ብዬ ነበር፣ አልተዋጠልኝም። ጥቁር ሴት ጥቁር ሴትን ስታፈቅር ማክሰኞ ጠዋት ኑሮው ምን ይመስላል? ማወቅ የፈለግኩት እሱን ነበር።

ቢሆንም አንብቡት። በተለይ ያንን በር።