የጃኖ ሁለተኛ አልበምና የወሎ ቅኝቶች

የአንድ የሙዚቃ ቡድን የመጀመሪያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በአዲስነቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራ ግን በቆመበት መሠረት ይመዘናል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም በአሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ለአድማጭ ሲያቀርብ፣ የሮክ ጊታር ከአማርኛ ዜማ ጋር መጣመሩ ብቻውን አነጋጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ለራስህ ነው» ሲከተል ግን ያ አግራሞት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፣ በዚህ ጥምረት ውስጥ ቅኝቱ ምን ዓይነት ቦታ አገኘ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ደሴና ኮምቦልቻ ተገቢ የመመዘኛ ሥፍራዎች ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ አካባቢ ስሞች ይጠራሉ። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ይገኛል፤ ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን በደሴ ይንቀሳቀስ የነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያንን ያፈራው ከዚሁ ምንጭ እየቀዳ ነው።

የሮክ ጊታር የሚቆመው በሁለት ድምፆች ጥምረት፣ ማለትም በመነሻው ድምፅና በአምስተኛው ላይ ነው። ይህ ጥምረት በሁሉም ቅኝቶች ውስጥ እኩል አይመችም። የባቲ ቅኝት አንደኛው መልክ፣ ማይነር የሚባለው፣ ሮክ ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ ከወረሰው ባለ አምስት ድምፅ ስልት ጋር አንድ ነው። ከአምስቱ ድምፆቹ አራቱ አምስተኛቸውን እዚያው ቅኝት ውስጥ ያገኛሉ። በአምባሰል ይህን የሚያገኙት ሦስቱ ናቸው። በአንቺ ሆዬ ግን ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ መነሻው ድምፅ ራሱ ከእነርሱ መካከል የለም። ስለሆነም ጊታሪስቱ በአንቺ ሆዬ መነሻ ላይ የለመደውን ጥምረት በመታ ቁጥር ለቅኝቱ ባዕድ የሆነ ድምፅ ያስገባል፤ ጆሮም ሳያውቀው ከቅኝቱ ይወጣል።

የጃኖ ብርታትም ድክመትም የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። ቡድኑ የወንድና የሴት ድምፃውያንን ጎን ለጎን አሰልፎ ዜማውን በእነርሱ አንደበት ማቆሙ የሚመሰገን ነው። ጊታሩ ማሲንቆ አዝማሪውን እንደሚከተል ሁሉ ድምፃዊውን በአንድ ነጠላ መስመር ሲከተል፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል ለቅኝቱ ጉልበት ይሆነዋል። ጥምር ድምፆች ተደራርበው ሲወርዱ ግን የጉሮሮው ቅላጼ ከሥሩ ይዋጣል፤ አድማጩም ባቲን ይሁን የምዕራቡን ሮክ እንደሚሰማ መለየት ይሳነዋል። ከጃኖ በፊት ሙላቱ አስታጥቄ ይህንኑ ችግር በኢትዮ ጃዝ ሲጋፈጥ፣ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች ጠብቆ አጃቢውን ጥምረት በጥንቃቄ መርጧል። ይህ የሚያስረዳው ዘመናዊው መሣሪያ በራሱ የቅኝት ጠላት አለመሆኑንና ጥፋቱ የሚመጣው ካልታሰበበት ልማድ መሆኑን ነው።

ጉዳዩ የአንድ አልበም ብቻ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ጊታር የሚያነሣ ወጣት የጃኖን ፈለግ መከተሉ ተፈጥሯዊ ነው። ለጊታሩ የሚመቸውን ብቻ እየመረጠ ከሄደ ግን ባቲ በእጁ ይቀራል፣ አምባሰል ይሸራረፋል፣ አንቺ ሆዬ ደግሞ ቀስ በቀስ ከመድረክ ይወርዳል። ይህም የሚሆነው ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይጠላው፣ ለመጫወት አስቸጋሪ ስለሆነ ብቻ ነው። ሕዝብ ለዘመናት ያከማቸው ሀብት በዝምታ የሚጎድለው በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ስለዚህ የሙዚቃ መምህራን ተማሪው ጊታሩን ከመቃኘቱ በፊት አራቱን ቅኝቶች በክራር እንዲያውቃቸው፣ በጉሮሮውም እንዲያዜማቸው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የጃኖ ሁለተኛ አልበም የሮክ መሣሪያ የአገርን ዜማ ሊሸከም እንደሚችል ማስረጃ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ከያንያን ግን መሣሪያው የሚመቸውን ብቻ ሳይሆን የሚከብደውንም ቅኝት እንዲሸከም ማድረግ ይገባቸዋል።