ሻንጣና ግድግዳ
የአዲስ አበባ ሥዕልና ገዢው

ሥዕል ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ አንድ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ የሚጓዝበት መንገድ የኅብረተሰቡን ጠባይ ይገልጣል። ማን ገዛው? የት ሰቀለው? ማንስ ያየዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥዕሉ ቅርጽና ይዘት ባላነሰ የሐያሲን ትኩረት ይሻሉ። በአዲስ አበባ ለዚህ ምርመራ ከሜክሲኮ አደባባይ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከወዳጅ አገር ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ለተጠቃው ወገን ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ይህችው አገር ለሥዕል ታሪክም ታላቅ ትምህርት ትታለች። ከአብዮቷ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ለሠዓልያን ከፈተ። ዲዬጎ ሪቬራ ከ1923 እስከ 1928 የትምህርት ሚኒስቴሩን ግቢ በገበሬው፣ በማዕድን ሠራተኛውና በሕዝቡ በዓላት ሥዕል ሞላው። ኦሮስኮና ሲኬይሮስም በዚያው ጎዳና ተጓዙ። ዋጋውን የከፈለው መንግሥት ቢሆንም ሥዕሉ የሕዝብ ዓይን ቀለብ ሆነ።

በእኛም አገር ሥዕል ገዢ አጥቶ አያውቅም። ጥንት ያሠሩት የነበሩት ቤተ ክርስቲያንና ባለጸጋው ናቸው፤ አሠሪውም ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ ከነስሙ ይሣል ነበር። ይሁንና ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ስለሚውል ድኃውም ጌታውም እኩል ያዩት ነበር። በኋላ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን ለውጭ አገር እንግዶች መሣል ሲጀምሩ፣ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በትናንሽ ክፍሎች ተደርድሮ በሸራ ላይ ይሸጥ ጀመር። ከዚህም የተነሣ ሥዕል ከግድግዳ ወርዶ ሻንጣ ገባ።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ካቋቋመ ወዲህ ትውልድ በትውልድ ላይ ሠዓልያን ተመርቀዋል፤ ገዢው ግን ገና አልተመረቀም። ዛሬ ጋለሪዎች በቦሌና በሌሎችም ሰፈሮች ይገኛሉ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት በ2014 ዓ.ም. በለንደንም ማሳያ ከፍቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ገበያው ወዴት እንደሚመለከት ያመለክታል። ከሜክሲኮ ታክሲ ተሳፍሮ ቦሌ የሚወርድ መምህር የጋለሪ በር ለመግፋት ያመነታል። ገብቶ ማየት ገንዘብ እንደማያስከፍል የነገረው የለም። ዋጋው በሥዕሉ አጠገብ ካልተጻፈ ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ መጠየቅም ባዶ ኪስን ማጋለጥ ይመስለዋል።

የዚህ ውጤት በራሱ በሥዕሉ ላይ ይታያል። ገዢው መንገደኛ ብቻ ሲሆን ሠዓሊውም ለመንገደኛ የሚመች ሥዕል ይሠራል፤ ተጠቅልሎ የሚያዝ ሸራ፣ የረከቦትና የጀበና ትዕይንት፣ ዓይነ ትልልቅ መልአክ። የአገሩን ሰው የሚያነጋግር፣ የሚያስቆጣም ሥዕል ወደ ኋላ ይቀራል። በአንጻሩ፣ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ይህ ስፋት ከሠዓሊው ተሰጥኦ ብቻ አልመነጨም፤ ስፍራ የሰጠው አሠሪ ስለ ነበረው ጭምር እንጂ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የመንግሥት ትእዛዝ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ሥዕል ወደ መፈክርነት የወረደበትን ዘመን አገራችን ታውቀዋለች። ገዢው ሲበዛና ሲለያይ ነው ሠዓሊው ነጻ የሚሆነው። ገዢ ያጣ ኅብረተሰብ ግን የራሱን ትዝታ ለሌላ ያስረክባል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በስደት ሳለ በአሜሪካ አረፈ፤ በጀርመን አገር የቆዩት ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት ሠዓሊው ካለፈ ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው። የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥራ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ገዝቶ ይዟል፤ የአዲስ አበባ ተማሪ ግን ያንን ሥራ የሚያውቀው በመጽሐፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ እንመለስ። ከዚያ እስከ ሰንጋ ተራ የባንክና የመድን ድርጅቶች ሕንፃዎች ሰማይ ጠቀስ ሆነው ቆመዋል። መንገደኛው በመስተዋታቸው ውስጥ የሚያየው የራሱን ጥላ ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ በብሔራዊ ቴአትር ፊት የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ አለ፤ ሕዝቡ እሥሩ ይቀጣጠራል፣ ልጆች ፎቶግራፍ ይነሡበታል። ማንም የመግቢያ ዋጋ አልጠየቃቸውም። የባንኮቹ የምድር ቤት አዳራሽ በየቀኑ ወረፋ የሚጠብቅ ሕዝብ የሚቀመጥበት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ጋለሪ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ድርጅቶች ሲገነቡ ለሥዕል የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ይመድቡ፤ የሚገዙትንም ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ አውጥተው ባለጉዳይ በሚቆምበት ስፍራ፣ ከነሠዓሊው ስም ይስቀሉት። ጋለሪዎች ዋጋቸውን በብር ጽፈው ያሳዩ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ይሂዱ፤ አቅም ያነሰው ገዢ ከገና ጀማሪ ሠዓሊ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ሠዓልያንም ከሻንጣው ልክ ወጥተው ግድግዳን ያህል ያስቡ። ዛሬ እናቱን ተከትሎ ባንክ ገብቶ ወረፋ ሲጠብቅ አንድ ሥዕል ላይ ዓይኑን የተከለ ሕፃን፣ ነገ የጋለሪውን በር ሲገፋ አያመነታም።