ሦስት የላስቲክ ማስፈንጠሪያዎችና የእኛ ዳኝነት

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ የሳይንስ ክበባት በሚያዘጋጁት የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ ከማይጠፉት ነገሮች አንዱ የላስቲክ ማስፈንጠሪያ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ፣ ቁራጭ ጣውላና ሁለት ምስማር ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ስለሆነም ቤተ ሙከራ ያለውም የሌለውም ትምህርት ቤት እኩል ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። እኛም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደረገ ትርኢት ላይ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሆነን ስለነበር፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሦስት ማስፈንጠሪያዎች ሂስ ማቅረብ እንፈልጋለን። ሂሱ የሚጀምረው ከተማሪዎቹ ሥራ ነው፤ የሚያርፈው ግን በእኛ በዳኞቹ ላይ ነው።

አንደኛ የወጣው ሥራ ሽጉጥ ነበር። ከጣውላ ተጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በስተኋላው የልብስ መቆንጠጫ በኮላ ተጣብቆበታል። የላስቲኩ አንድ ጫፍ በአፈሙዙ ላይ በተቆረጠ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ተለጥጦ በመቆንጠጫው ጥርስ ይያዛል። መቆንጠጫውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥርሱ ይከፈትና ላስቲኩ ይፈናጠራል። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ አሥር ጊዜ ሲተኮስ አንድም ጊዜ አልከሸፈም። የልጁን የእጅ ሙያ የሚነቅፍ ሰው ፍርደ ገምድል ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ከሙያው ያለፈ ነገር አልነገረንም። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሁለት ተለጣጭ ነገሮች ነበሩ። አንዱ የሚያስፈነጥረው ላስቲክ ሲሆን፣ ሌላው የመቆንጠጫው የብረት ሽቦ ነው። አንዱ ለመብረር ሲታገል ሌላው አንቆ ይይዘዋል። ጣታችን የሚያሸንፈው ሽቦውን እንጂ ላስቲኩን አይደለም። ሠሪው ይህን አላስተዋለም። «ላስቲኩን እጥፍ አድርገህ ብታስገባውስ ምን ይሆናል?» ብለን ስንጠይቀው ወደ ግድግዳው ዞሮ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየን። ወረቀቱ ላይ የሁክ ሕግ ከመጽሐፍ እንዳለ ተገልብጦ፣ በእንግሊዝኛ፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። እኛም አንብበን ነቀነቅን። ሽጉጥ መምሰሉን አልወደድነውም ነበር፤ ግን ስላልወደድነው ነጥብ አልቀነስንም፤ እንዲያውም አንደኛ አደረግነው።

ሁለተኛው ከእስክርቢቶ ቀፎ የተሠራ ነው። ላስቲኩ በቀፎው በስተኋላ ታስሮ፣ የቀለም መያዣው ቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ይለቀቃል። ቱቦው ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ በርሮ ካርቶን ላይ ሲሰካ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኛ ግን ደነገጥንና ሥራውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣነው። ማንሣታችን ትክክል ነበር። ዝም ብለን ማንሣታችን ግን ስሕተት ነው። ልጁ የተቀጣ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሊነገረው ይገባ የነበረው ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ባዶ ላስቲክ ሲበር ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ ደረቅና ቀጭን ነገር ግን የተሰጠውን ጉልበት ሁሉ በመርፌ ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ያሳርፋል። ያች ቦታ ዓይን ከሆነች መመለሻ የለውም። ላስቲኩም ቢሆን በቅርብ ርቀት ዓይን ላይ ካረፈ ይጎዳል። ስለዚህ የምንከለክለው ማስፈንጠርን ሳይሆን፣ ጠንካራ ነገር በአየር ላይ ማስፈንጠርንና ወደ ሰው ፊት ማነጣጠርን ነው። ይህን ልዩነት ሳናስረዳ ከኪሱ ላስቲክ የተገኘበትን ተማሪ ሁሉ እንነጥቃለን፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ ተለጣጭነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። በሐቅ ከተነጋገርን ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን እርሱ ነው።

ያልተላገ ጣውላ ነው። በአንደኛው ጫፍ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ምስማሮች ተመተውበታል፤ በምስማሮቹ መካከል ላስቲክ ተወጥሯል። ከላስቲኩ ኋላ የማስመሪያ መስመሮች በእርሳስ ተሠምረዋል። የሚፈናጠረው ነገር አፈር የተሞላ የክብሪት ቀፎ ሲሆን፣ የሚሄደውም በአየር ሳይሆን በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ከጣውላው አጠገብ የተቀመጠው ደብተር የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ጣውላውን አየት አድርገው «ይኼ እኮ ወንጭፍ ነው» ብለው አለፉ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ወንጭፍ ብለን የምንጠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። የገበሬ ልጅ ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚያባርርበት ወንጭፍ ላስቲክ የለውም፤ ድንጋዩን የሚያስወጣው ገመዱን ማሽከርከር ነው፣ ሲለቀቅም ድንጋዩ ክቡን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የከተማ ልጆች ከባላ እንጨትና ከጎማ የሚሠሩት ግን ጉልበቱን በቅድሚያ በጎማው ውስጥ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይህኛው ዘመድነቱ ለደጋን ነው፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን ቀስት ከሚወረወርበት ደጋን ጋር በስም የተገናኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ባልደረባችን ይህን ለይተው ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ይከፍቱት ነበር።

በደብተሩ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ላስቲኩ 2 ሳንቲ ሜትር ሲሳብ የክብሪት ቀፎው 11 ሳንቲ ሜትር ተንሸራቷል። 4 ሲሳብ 40፣ 6 ሲሳብ 83፣ 8 ሲሳብ 130። እያንዳንዱ ቁጥር የአምስት ሙከራ አማካይ ነው። ከሥሩ ተማሪዋ በአማርኛ እንዲህ ብላለች፦ ሁለት እጥፍ ስስበው ሁለት እጥፍ መሄድ ነበረበት፤ ላስቲኩ ሕጉን አላከበረም። እኛ ዳኞችም ይህን አይተን «ውጤቱ ከሕጉ ጋር አይስማማም» ብለን ከሠላሳ አሥራ አንድ ነጥብ ሰጠናት።

ነገሩ የገባን ማታ ቤታችን ከደረስን በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ የተናገረው ስለ ኃይልና ስለ መለጠጥ ነው። ሁለት እጥፍ ለመለጠጥ ሁለት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል ማለቱ እንጂ፣ የሚፈናጠረው ነገር ሁለት እጥፍ ይርቃል ማለቱ አይደለም። ላስቲኩን ሁለት እጥፍ ስንስበው አማካይ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ የሳብንበትም ርቀት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ወለሉ ደግሞ በመፈተግ በየሳንቲ ሜትሩ እኩል ጉልበት ይበላል። ስለዚህ የክብሪት ቀፎው አራት እጥፍ መሄድ አለበት። አሥራ አንድ በአራት ሲባዛ አርባ አራት ነው፤ የልጅቷ ቁጥር 40 ነው። በአፈርና በክብሪት ቀፎ ለተሠራ ሙከራ ከዚህ የተሻለ መቀራረብ ከየት ይመጣል? ሕጉን ያላከበረው ላስቲኩ አልነበረም። ሕጉን በእንግሊዝኛ በቃላችን የምንወጣው እኛ ምን እንደሚል ረስተነው ነበር።

ሥራው እንከን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። በ6 እና በ8 ሳንቲ ሜትር ላይ ሕጉ የሚጠብቀው 99 እና 176 ሲሆን፣ እርሷ ያገኘችው 83 እና 130 ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛ፣ ምስማሮቹ ስለተራራቁ ላስቲኩ የሚሳበው በሰያፍ ነው፤ በጣውላው ላይ የተለካው ርቀትና የላስቲኩ መርዘም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የላስቲኩ የራሱ ጠባይ ነው። ሽቦ እስከ ወሰኑ ድረስ ለሁክ ይታዘዛል፤ ላስቲክ ግን መጀመሪያ ላይ ጠንከር ይልና መሐል ላይ ይለግማል፣ ከመበጠሱ በፊት ደግሞ እንደገና ይጠነክራል። ተማሪዋ ሁለቱን መለየት ነበረባት። ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ። ላስቲኩን ከአንድ ምስማር ላይ ማንጠልጠል፣ ከታች በፌስታል ውስጥ እኩል ክብደት ያላቸውን ያረጁ የባትሪ ድንጋዮች አንድ በአንድ መጨመር፣ ርዝመቱን በየጊዜው መለካት፤ ከዚያም አንድ በአንድ መቀነስ ነው።

እኛ ይህን ከክፍላችን ተማሪዎች ጋር ሠርተነዋል። በምንቀንስበት ጊዜ ላስቲኩ በዚያው ክብደት ላይ ቀድሞ ከነበረው ርዝመት በልጦ ተገኘ። ማለትም ስንስበው የሰጠነውን ሁሉ ሲመለስ አይመልስልንም። የቀረው ወዴት እንደሄደ የሚነግረን ከንፈራችን ነው። ሰፋ ያለ ላስቲክ በፍጥነት ለጥጦ ወዲያው ላይኛው ከንፈር ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሞቅ ይላል። እንደተለጠጠ ትንሽ አቆይቶ ቢለቁትና እንደገና ቢያስነኩት ቀዝቀዝ ይላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1805 የጻፈው ጆን ጎፍ የተባለ እንግሊዛዊ በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር። ቴርሞሜትር ማንበብ ባይችልም ከንፈሩን ተጠቀመ። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት የላስቲክ ቀለበት ስቲቨን ፔሪ ለንደን ላይ የባለቤትነት መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው፤ ከጎፍ አርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቤተ ሙከራ የለንም እያልን ለምናማርር መምህራን ይህ ሰው ጥሩ ጎረቤት ይሆነን ነበር።

በማግስቱ ተማሪዋን አስጠርተን ስሕተቱ የእኛ መሆኑን ነገርናት። ሽልማቱ ተሰጥቶ ስላለቀ መመለስ አልተቻለም፤ ነጥቧ ግን በክበቡ መዝገብ ላይ ተስተካክሏል። ለሚቀጥለው ትርኢትም የዳኝነት ቅጹ ተለውጧል። ለአጨራረስ ከሠላሳው ስድስት ነጥብ ብቻ ይሰጣል። አሥራ ሁለቱ አንድን ነገር ለይቶ ለለወጠና ምን እንደተከተለ ለመዘገበ ነው፤ ሌላው አሥራ ሁለት ደግሞ ያልጠበቀውን ውጤት ሳይደብቅ ላቀረበ ተማሪ ነው። ጠንካራ ነገር በአየር ላይ የሚያስፈነጥር ሥራ ደግሞ ለውድድር አይቀርብም፤ ምክንያቱም ለሠሪው በቃል ይነገረዋል።

ልጅቷ ይቅርታችንን ብዙም አላዳመጠችውም። «ቲቸር፣ ጠዋት ጠዋት የክብሪት ቀፎው ትንሽ ነው የሚሄደው፤ ላስቲኩ በርዶት ነው?» ብላ ጠየቀችን። እስካሁን መልስ አልሰጠናትም። ላስቲኩን በማለዳ ብርድና በቀትር እየሞከርነው ነው፤ ነገር ግን የክፍሉ ወለል የሚወለወለው ጠዋት በመሆኑ፣ ልዩነቱ የላስቲኩ ይሁን የእርጥቡ ወለል መለየት አስቸግሮናል።