ነው፣ ይባላል፣ ነበር

ሰው ይዤ ፒያሳን ስዞር መጀመሪያ የማቆመው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ አፄ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ከተቀመጡበት አደባባይ ነው። «የቆማችሁት ገበያ መሀል ነው» እላቸዋለሁ። ዙሪያቸውን ያያሉ። የሚታየው መኪና ብቻ ነው። የአራዳ ገበያ ግን እዚሁ አካባቢ ነበር፤ ጣልያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፣ በቋንቋውም መርካቶ አለው። አራዳ ገበያውን ቢነጠቅም ለአማርኛ አንድ ቃል አውርሷል፤ የማይሸወደውን ሰው ዛሬም «አራዳ» እንለዋለን።

ሥራውን ስጀምር ታሪክ ማወቅ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ዓመተ ምሕረቱንና የመኳንንቱን ስም ሸምድጄ ወጣሁ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ሰገነቱ ያዘመመ የእንጨት ቤት ፊት ቆሜ የማን እንደነበረ በልበ ሙሉነት ሳስረዳ፣ ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚቆሉ እናት እጃቸውን ገታ አድርገው ሲሰሙኝ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ማን ነገረህ?»

«መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው፣ እማማ።»

«መጽሐፉ እዚህ ተወልዷል? እኔ ተወልጃለሁ። የምትለው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው።»

እንግዶቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ጆሮዬ ግን ጋለ። በሳምንቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ፤ ሦስተኛውን ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ በኋላ እዚያ በር ስንደርስ እኔ ዝም እል፣ እማማ ያወሩ ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩት ማሰሪያ አንቀጽ መምረጥን ነው። ካዛንቺስን ውሰዱ። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራ ተቋም ነበረው፣ ምሕጻረ ቃሉ «ኢንቺስ»። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ አዲስ አበቤ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም እንዲሁ፣ ከ«ካዜ ፖፖላሪ»። እዚህ ላይ ያለ ፍርሃት «ነው» እላለሁ። እሪ በከንቱ ግን ሌላ ነው። በዚያ ገደል ሌባ የያዘው ሰው ቢጮህ ሰሚ ስለማያገኝ ስሙ ወጣ ይባላል። ታሪኩ ያስቃል፣ እንግዳም ይወደዋል። የሚያስቅ ታሪክ ደግሞ ምላስ ላይ ሳያስቡት «ነው» ይሆናል፤ ስንቴ አምልጦኛል! ዶሮ ማነቂያ ስንደርስማ ስለ ስሙ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ሥጋ ቤት ደጃፍ የተቀመጡትን እጠይቅና ክርክሩን አስደምጥ ነበር። አንዳንዴ ክርክሩ ለቁርጥ ያስጋብዝ ነበር።

ሰባ ደረጃ ላይ ደግሞ «እየቆጠራችሁ ውጡ» እላለሁ። ቁጥራቸው ገጥሞ አያውቅም፤ ማረፊያው ይቆጠራል፣ አይቆጠርም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። የሚቆጥር ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ወደ እግሩ ያያል፣ ደረጃው በስንት ሰው ጫማ እንደተበላ ያያል። የምፈልገው ይህንን ነው።

«ነበር» ማለትን የተማርኩት በ2005 ዓ.ም ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ግንባታ ሲባል ከቦታው ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በጣልያን ጥይት የተገደሉትን ጳጳስ ታሪክ የቆርቆሮ አጥር እያሳየሁ ተረክሁ። አፍሬ ነበር፣ ግን እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ የሰማኝ ሰው የለም። ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። በ2007 ዓ.ም ጥር የተቃጠለው ጣይቱ ሆቴልም፣ ጠባሳውን ይዞም ቢሆን፣ ቆሞ ስላየሁት «ይመለሳል» የሚል ልማድ ያዘኝ።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል። ቁጭቴ ከጎብኚ ናፍቆት የመጣ ብቻ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ በዝናብ ለጋራ መጸዳጃ ወረፋ የያዘ ሰው ሰፈሩን እኔ እንዳየሁት አላየውም። ካሜራ አንጠልጥለን የምናደንቀው ግድግዳ ለእሱ የሚያፈስ ጣሪያ ነበረው። ለእኔ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። የፈረሰ ቤት በፎቶግራፍ ይታያል፣ ስሙም በታክሲ ረዳት አፍ ለጊዜው ይቆያል። ሰዎቹ ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሆኑ። እማማም ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ አራተኛ ፎቅ፤ አልፎ አልፎ ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ፣ መነጽራቸውን አድርገው ያርሙኛል። መንገዱ ላይ ግን አሁን ብሳሳት «አንተ ልጅ» የሚለኝ የለም። በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ የፈለግሁትን ብል እንግዶቼ ያምኑኛል። ይህ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ከእነዚህ ሰፈሮች የወጣችሁ ሁሉ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶአችሁን አውጡልኝ። ሙሽሮቹን ተዉና ከኋላቸው ያለውን በር፣ አጥርና መስኮት እዩ። የቤቱን ቁጥር፣ ዓመቱን፣ የጎረቤቱን ስም ጀርባው ላይ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።